ላብ ያለው ብርጭቆ

ድሬዳዋ ነበር፣ ከቀፊራ ማዶ፣
አንዲት ሴት ስትቀዳ ሁመር በበረዶ፤
ከማሰሮ ሳይሆን ከአሮጌ ጀሪካን፣
በረዶው በጆንያ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን።
አንድ ብርጭቆ ብዬ ሦስተኛው ላይ ቆምሁ፣
ወንድሜ በኤንትሬው ጥሩምባ ሲነፋ መች ሰማሁ!

የያዝሁት ስመለስ አንድ ፌስታል ሁመር፣
አንድ ረጅም ብርጭቆ፣ በነጠላ ታስሮ እንዳይሰበር፤
አሰቦትን አለፍን፣ አዋሽንም አለፍን፣
እኔ ብርጭቆውን ታቅፌ፣ እሱ መሪውን።
«ለጠርሙስ ብለሽ ነው ቀስ በል የምትይኝ?
ጎማዬ ሲፈነዳስ መች እንዲህ አዘንሽልኝ?»

አሁን ሸዋ ሮቢት፣ ቀትር፣ መብራት ጠፍቶ፣
ፍሪጄ ቁም ሳጥን ሆኗል፣ ጫማዬ ተከቶ።
በረዶ የሚመጣው ከደብረ ብርሃን ነው፣
የሚኒባስ ረዳት ገለባ አልብሶ የሚያመጣው።
ሲነሳ የበግ ራስ፤
ጣርማ በር ላይ ወጥቶ ዋሻውን ሲጨርስ
ጭጋጉ ይራራለታል፣ እንዳለ ያልፋል፤
ደብረ ሲና ሲወርድ ማልቀስ ይጀምራል፤
አርማንያ ላይ ጡጫ፤
እኔ ደጅ ሲደርስ የቄብ እንቁላል።
«ሂሳቡ በጠዋቱ ሚዛን ነው» ይለኛል፣
«የጎደለውንማ መንገድ በልቶታል።»

ሲዘፈዘፍ ያደረ ሁመሬን አሸሁ፣
ፍሬውን ከጭረቱ ለይቼ አጠለልሁ፤
የመንዝ ማር ጠብታ፣ ዝንጅብል ተወቅጦ፣
ከቀወት መስኖ ዳር ሎሚ ተቆርጦ፤
የናና ቅጠሏን ከላይ ጣል አድርጌ
«ቢስሚላሂ» አልሁ፣ እንደ ቀፊራዋ ሴት፤
እኔስ የምጠራው ማርያምን ነው፤
ሁመሩ ግን የለመደው ይሻለዋል ብዬ ነው።

በርሜሉ ሰማያዊ፣ ቀለሙ የላላ፣
እሱ ላይ አቆምሁት፣ ከጀርባው የሽንኩርት ከረጢት ቀይ ጥላ።
የጎረቤት ልጅ ሚፍታህ የጣሳ ክዳን ይዞ
ፀሐይ ይመልስልኛል፣ እጁ ደንዝዞ።
«ወደ ግራ! በኔ ግራ! ዝንቧን እፍ በላት!»
ስልኬ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ሰማይ እሱ ጋ ስንጥቅ አላት።
ብርጭቆው ማላብ ጀመረ፤ እኔም አላበኝ፤
ይቺን ላብ ነው የምፈልጋት፣ ሌላው ይቅርብኝ።
ፎቶ ላይ ቅዝቃዜ በምን ይታወቃል?
ጠብታ በጎኑ ሲወርድ ነው ሰው ምራቁን የሚውጠው፣ «ውይ» የሚል።
አንድ ደቂቃ ብቻ፣
አይሱዙው ጥላውን ከበርሜሉ ላይ እስኪያነሳ።

ከአይሱዙው ጀርባ ግን እንድሪስ ወረደ፣
ሃምሳኛ ከረጢቱን ጥሎ፣ ትከሻው የነደደ።
አልጠየቀም። አላየኝም።
ክዳኑንም ሚፍታህንም አላየም።
ብርጭቆውን አነሳ፤ ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ።
አራት ጉንጭ፤ ቆጠርሁ።
የድሬን መንገድ፣ የረዳቱን ሂሳብ፣ የሌሊቱን ሁመር፣
ለአንድ የሽንኩርት ጫኝ ጉሮሮ ማርጠቢያ እንኳ አልበቃም ነበር።

«ሰውዬ!» ብዬ ጮህሁ፣ «ለፎቶ ነው እኮ!»
«ለምን?» አለኝ ከልቡ፣ አፉን በክንዱ ጠራርጎ።
ቆየና ምላሱን ከላንቃው አላቅቆ፣
«ጨው ያንሰዋል» አለ፣ ናናዋ ጢሙ ላይ ተጣብቆ።
«አፍዴራ ጨው ስጭን፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፣
ሎሚና ቆንጠር ያለ ጨው ነው ያቆመኝ፤
ማሩስ ለተቀማጭ ነው። ስምሽን ማን አሉ?»
«ስንቅነሽ።»
ሳቀ። «ታዲያ ምን አጠፋሁ? ስንቅ የመንገደኛ አይደለሽ?»
አሥር ብር በርሜሉ ላይ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ደግሞ ምራቂ፤
ሄደ ወደ ሸክሙ፣ ሚፍታህን አድርጎ ሳቂ።

ማታ መብራት መጣ።
ስልኬን ስከፍተው ጣቴ በድንጋጤ ተጭኖ ኖሯል፤
መሬቱ ወደ ጎን ዘሟል፣ የአይሱዙው ግማሽ ገብቷል፣
ናናዋ አትታይም፣ የሁመሩ ቀለም ጠፍቷል፤
ያለው አንገት ነው፤ የተጨፈነ ዓይን፤
ከክርኑ ጫፍ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ።
ቀዝቃዛ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

አልሰረዝሁትም።
ጨው ገዝቻለሁ።